አልጋ የያዘን ሰው በአረፋ መጥረጊያ ስለማጠብ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ገላን መታጠብ ለጤነኛ ሰው እንኳ ድፍረት ይጠይቃል። አማቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ በያዙበት ክረምት ይህ ችግር እኛ ቤት ገባ። ሳፋ ሙሉ ውሃ አሙቀን፣ ልብሳቸውን አውልቀን፣ በሳሙና አጥበን እስክናለቀልቃቸው ድረስ እሳቸው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፣ ፍራሹም ይርሳል፤ በመጨረሻም «ልጄ፣ ሳሙናው ፊቴን ኮመተረው» ይሉኝ ነበር። ቅሬታቸውን የሕመም ምሬት አድርጌ እቆጥረው ነበር እንጂ እውነታቸውን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከውጭ አገር የመጣች የባለቤቴ እኅት ውሃ ሲነካው አረፋ የሚያወጣ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ደረቅ መጥረጊያ ይዛልን መጣች፤ አጠቃቀሙን ግን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ይልቅ ከስሕተታችን ተማርነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኛ አልጋ የያዘ ሰው ለሚያስታምም ቤተሰብ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንለየው። በየሱቁ «ዋይፕስ» እየተባለ ለሕፃናት የሚሸጠው መጥረጊያ ከፋብሪካው እርጥብ ሆኖ ይመጣል፤ አረፋ አያወጣም፣ ከተጠረጉበትም በኋላ ገላ አይለቀለቅም። እኔ የምናገርለት ግን ሲገዛ ደረቅ ነው፤ ሳሙናውና ማለስለሻው ቅባት በጨርቁ ላይ ስለተቀመጡ ውሃ እስኪነካቸው ድረስ ሥራ አይጀምሩም። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ውሃ ባለበት ሁሉ ተሕዋስያን ሊራቡ ስለሚችሉ እርጥቡ መጥረጊያ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ኬሚካል ያስፈልገዋል፤ ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የቆዳ አለርጂ የሚያስከትል ሆኖ በመገኘቱ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሳይታጠቡ ገላ ላይ በሚቀሩ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2016 ደንብ አውጥቶበታል። በደረቁ መጥረጊያ ላይ ይህ ስጋት ያንሳል። ይሁንና አንድ ጊዜ ከረጠበ እርሱም እንደ ማንኛውም እርጥብ ጨርቅ ስለሆነ ለነገ ተብሎ አይቀመጥም።

ጨርቁ እንደ ሸማ በድርና በማግ የተሸመነ አይደለም። ጥቃቅን ክሮቹ በኃይለኛ የውሃ ግፊት እርስ በርሳቸው እንዲጠላለፉ ተደርጎ የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተርና ከእንጨት የሚገኝ ሬዮን ይደባለቁበታል። በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት አየር ስለሚይዝ፣ ጨርቁ ሲታሽ አየሩ ከሳሙናው ጋር ይቀላቀልና ጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ ይሰጣል። አንዳንዱ አንድ ገጹ ሻካራ፣ ሌላው ለስላሳ ነው፤ ለአረጋዊ ሰው ለስላሳውን ብቻ መጠቀም ይገባል።

ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ ያየ ሰው የአረፋን ሥራ ያውቀዋል። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒንም ሆነ በመጥረጊያው ላይ ያለው ሰው ሠራሽ ማጽጃ የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ አንደኛው ጫፋቸው ውሃን፣ ሌላኛው ጫፋቸው ቅባትን ስለሚይዝ በቆዳ ላይ ያለውን ወዝና እድፍ ከውሃው ጋር ያስተሳስሩታል። እንግዲህ እድፉን የያዘው አረፋ ከቆዳው ላይ ካልተነሣ እድፉም ሳሙናውም እዚያው ይደርቃሉ ማለት ነው። እኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ አረፋውን በደረቅ ፎጣ አበስ አድርገን በመተዋችን የአማቴ ክንድና ጀርባ እያሳከካቸው ሌሊት እንቅልፍ አጡ። አረፋ ማውጣቱ ለማንም ቀላል ነው፤ ልብ ሊባል የሚገባው አረፋውን ማንሳቱ ነው። በነገራችን ላይ እንዶድ ለልብስ እንጂ ለሕመምተኛ ገላ አይሁን፤ ዓይንንና አፍንጫን ክፉኛ ይለበልባል።

አማቴ «ኮመተረው» ያሉት ነገር ምክንያት አለው። የጤናማ ቆዳ ገጽ በመጠኑ አሲዳማ ሲሆን ፒኤቹ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ የሚበዛበት መለኪያ) 5 አካባቢ ነው፤ የተለመደው ደረቅ የገላ ሳሙና ግን ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። በእርጅና ደግሞ ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች ስለሚደክሙ ሳሙናው ያነሣውን ወዝ ቆዳው ቶሎ አይተካውም። በአረፋ መጥረጊያ ላይ የሚጨመሩት ማለስለሻዎች ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰቡ ናቸው፦ ግሊሰሪን፣ በተለምዶ ግሪሲሊን የምንለው፣ ውሃ ስቦ ይይዛል፤ ፔትሮላተም ማለትም ቫዝሊን ደግሞ ቆዳውን በስሱ ሸፍኖ ውሃው እንዳይተን ይከለክላል። ሲገዙ የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብቡ። የይዘት ዝርዝር በአብዛኛው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሚጻፍ፣ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የተባለው ማጽጃ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ከሆነ ለደረቀ ቆዳ ይጠነክራል፤ ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን የመሳሰሉት ማጽጃዎች የለዘቡ ናቸው። ሽቶ የሌለበት ከተገኘ ሽቶ ካለበት ይመረጣል። ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት በክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት አረፋ አሽተው፣ አንሥተው፣ አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቁ፤ ካሳከከ ወይም ሽፍታ ካወጣ ይተውት። ክፍት ቁስል፣ ቃጠሎ ወይም ውሃ የሚቋጥር ችፌ ባለበት ቦታ ላይ አይጠቀሙበት፤ ለአራስ ሕፃንም አይሆንም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ነገር በእጅ አጠገብ ይሁን፤ ሕመምተኛውን ገልጦ ፎጣ ፍለጋ መሄድ ብርድ ማስመታት ነው። ሁለት ትንንሽ ሳፋ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ስድስት ያህል መጥረጊያ፣ አምስት ወይም ስድስት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ደረቅ ፎጣ፣ ቫዝሊን፣ የቆሻሻ ፌስታልና የሚለበስ ንጹሕ ልብስ ያዘጋጁ። ሁለት ሊትር ውሃ ለእኛ ይበቃን ነበር፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርና በጀሪካን ከምንጭ በሚቀዳበት ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የውሃውን ሙቀት በክርንዎ ይፈትኑት፤ ለክርን የሞቀ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ በጣም የሞቀ ውሃ ወዙን ይበልጥ ይገፈዋልና። ክፍሉን በከሰል የሚያሞቁ ከሆነ መስኮት ከፍተው አስቀድመው ያሙቁትና ማጠብ ከመጀመርዎ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ ያውጡት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰውም ይገድላል፤ አልጋ የያዘ ሰው ደግሞ ተነሥቶ መውጣት አይችልም።

እጅዎን ታጥበው ከፊት ይጀምሩ። ዓይን በአረፋ አይነካም፤ በንጹሕ ውሃ በረጠበ የጥጥ ጨርቅ፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ አቅጣጫ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የጨርቁን የተለየ ጠርዝ በመጠቀም ይጥረጉት። ከዚያ አንዱን መጥረጊያ ውሃ ውስጥ ነክረው ጨመቅ ያድርጉት፤ ከተንጠባጠበ ውሃው በዝቷል። በመዳፍዎ መካከል ሃያ ያህል እስኪቆጥሩ ይሹትና አረፋው ሲወጣ ግንባርን፣ ጉንጭን፣ አገጭንና አንገትን በዝግታ ይዳስሱ። መፈተግ አያስፈልግም። ወዲያው ሌላ የጥጥ ጨርቅ በሁለተኛው ሳፋ ባለው ንጹሕ ውሃ አርጥበው አረፋውን ያንሡ፤ ጨርቁን አለቅልቀው ይድገሙት። ቆዳውን በጣትዎ ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ ሳሙና ቀርቶበታልና ሦስተኛ ጊዜ ያንሡ። ሲያነሡም ጨርቁን ጫን ለቀቅ ያድርጉ እንጂ አይጎትቱ፤ ጠንክረው ከጠረጉ ግን ቆዳው ላይ እንዲቀር የተፈለገውን ማለስለሻም አብረው ይወስዱታል። ከዚያ በደረቅ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርገው ያድርቁ።

የቀረው ገላ በዚሁ መንገድ ይቀጥላል፤ ነገር ግን የሚገለጠው የሚታጠበው ክፍል ብቻ ሆኖ ሌላው በጋቢ ይሸፈን። አንድ መጥረጊያ ለአንድ የሰውነት ክፍል ነው፤ እግር የነካው ወደ ደረት አይመለስም። ክንድን ከጣት ወደ ትከሻ፣ ቀጥሎ ብብትን፣ ደረትን፣ ከጡት ሥርና ከሆድ እጥፋት ውስጥ ያለውን ገላ፣ ከዚያ እግርን ያጽዱ። ጀርባን ለማጠብ ሕመምተኛውን የሚያገላብጡት ሐኪም በፈቀደው ጎን ብቻ ነው፤ የተሰበረ ዳሌ ካለ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በእጥፋቶች መካከል እርጥበት ከቀረ ቆዳው ይላጣል፤ ወደ ዓባይ በረሃ አቅጣጫ ባለው ሞቃት አገር ላብ ስለሚበዛ እነዚህን ቦታዎች በየቀኑ መመልከት ያሻል። በደጋ ግን ሙሉ ገላውን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማጠብ ለእኛ በቂ ነበር፤ ፊት፣ እጅ፣ ብብትና እፍረተ ሥጋ ብቻ ዕለት ዕለት ይጸዳሉ።

እፍረተ ሥጋ በመጨረሻ ይሁን። ለሴት ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ይጠረጋል፤ አረፋው በውጭው ገላ ላይ ብቻ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም፣ የውስጠኛው ክፍል በንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። አማቴ በመጀመሪያ ይህን በእኔ ለመደረግ እጅግ ተሳቀቁ፤ እኔም ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፍቶኝ ነበር። በኋላ ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው፦ የረጠበውን መጥረጊያ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ፣ ጋቢውን እንደ መጋረጃ እይዝላቸዋለሁ፣ የሚደርሱበትን ራሳቸው ያጸዳሉ፣ ያልደረሱበትን ሲጠሩኝ እጨርሰዋለሁ። እጁ የሚሠራ ሕመምተኛ ሁሉ ይህ ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ በእኔ እምነት ከመጥረጊያው ዓይነት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ገላው ተገልጦ ሳለ የመኝታ ቁስል ምልክት ይፈልጉ። ተረከዝ፣ ከወገብ በታች ያለው የጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ክርንና የትከሻ አጥንት በየጊዜው ይታዩ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ ላይታይ ስለሚችል ከዓይን ይልቅ እጅ ይረዳል፤ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ ቀለሙም ይበልጥ የጠቆረ ቦታ ካገኙ ቁስል ሊጀምር ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ አይሹት፣ በአረፋም አያጽዱት፤ ሕመምተኛው በዚያ ጎን እንዳይተኛ አድርገው፣ አተኛኘቱን በየሁለት ሰዓቱ እየለወጡ፣ ለጤና ባለሙያ ያሳዩ። ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ ቀን አይሰጥም።

ማድረቁ እንዳለቀ፣ ቆዳው ገና እርጥበቱ ሳይለየው፣ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ፤ ይህን በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ነፋስ ወቅት አይዝለሉት። በጣቶች መካከልና በእጥፋቶች ውስጥ ግን አይቀባም።

ስለ እግር አንድ ነገር ልጨምር። በደብረ ኤልያስ፣ በደንበጫና በመሰል የጎጃም ወረዳዎች በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ከመኖር የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ያለበት ሰው ካለ የአረፋ መጥረጊያ በቂ አይደለም። እንዲህ ያለ እግር በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ፣ በባለሙያ በተነገረው መጠን በቀጠነ ፀረ ተሕዋስያን መዘፍዘፍ፣ መድረቅ፣ በቫዝሊን መለስለስና በካልሲና በጫማ መጠበቅ ይኖርበታል፤ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ በድንገት የሚነሣውን የእግር ሕመምና ትኩሳት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሻካራው የመጥረጊያ ገጽ በተሰነጠቀ እግር ላይ ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

እኅታችን ያመጣችው እሽግ ሲያልቅ በራሳችን ሠራን። ያረጀና የለሰለሰ የጥጥ ነጠላ አፍልተን አጥበን፣ ስንዝር በስንዝር አድርገን ቀደድነው፤ ለአራት ቁራጭ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ የሕፃናት ፈሳሽ ሳሙናና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ግሪሲሊን አዋሕደን፣ በአንደኛው ገጽ ላይ ብቻ ቀብተን፣ አቧራ በማይደርስበት ጥላ አደረቅን። ግሪሲሊኑ ጨርሶ ስለማይደርቅ ጨርቁ በመጠኑ የሚያጣብቅ ይሆናል፤ ይህ ጉዳት የለውም። በንጹሕ ፌስታል ቋጥረን የሳምንቱን ብቻ እናዘጋጅ ነበር። አረፋው ከተገዛው ያነሰ ነው፣ ማንሳቱ ግን ይቀላል፤ ጨርቁም ተፈልቶ ደግሞ ያገለግላል። አማቴም ይህኛውን ወደዱት።

የተገዛውን ከተጠቀሙ በኋላ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት። ፖሊስተር ፕላስቲክ ስለሆነ አይበሰብስም፤ ጉድጓዱን ያለጊዜው ይሞላዋል፣ ቧንቧ ባለበት ቤትም ይዘጋል። ምድጃ ውስጥም አይቃጠል፤ የፕላስቲክ ጢስ ለሕመምተኛውም ለቤተሰቡም ጎጂ ነው። ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ለቆሻሻ ሰብሳቢ ይስጡት፤ ሰብሳቢ በሌለበት የገጠር ቀበሌ ደግሞ ከመጀመሪያው የጥጡን ጨርቅ ይምረጡ።