ልጄ ጥርስ ብሩሽ እንዲለምድ ያደረግኩት
ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ጥርስ ብሩሽ ሲያይ ጆሮውን ይዞ ይሮጥ ነበር። የቪአር መነጽር (ዓይን ላይ ተደርጎ ቪዲዮው ውስጥ የገቡ የሚያስመስል) ተውሼ ስለ ጥርስ የተሠራ ካርቱን ባሳየው ጭራሽ ባሰበት፣ አውልቆ ወረወረው።

ለካ መነጽሩ ራሱ ፊቱን እየተጫነው ነው። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳልከፍት በእጁ እንዲያገላብጠው ብቻ ሰጠሁት፣ ከዚያ ለ10 ሰከንድ፣ ከዚያ ለ30 አደረገው፣ "በቃ" ባለ ቁጥር ወዲያው እያወለቅኩለት። ካርቱኑም ቤታችንን አይመስልም። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ ለመድገም ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ። እናም ዙሪያውን ሁሉ በሚቀርጽ በ360 ዲግሪ ካሜራ የራሳችንን መታጠቢያ ቤት ቀረጽኩ፤ እህቱ ስትቦርሽ፣ በሰማያዊው ኩባያ ስትጉመጠመጥ፣ የቧንቧው ድምፅ ቀነስ ብሎ። ርዝመቱ 2 ደቂቃ ነው፣ መቦረሽ የሚገባውን ያህል።

የጥርስ ሳሙናውንም ቀየርኩ። ሚንቱ አፉን ያቃጥለው ነበር፣ ይሄ ባይስተካከል መነጽሩ ብቻውን የትም አያደርሰንም። አሁን ሚንት የሌለው፣ አረፋው ትንሽ፣ ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከለው ፍሎራይድ ግን ያለው ነው።

ትናንት ማታ ቪዲዮውን ጨርሶ ብሩሹን ራሱ አነሳ። የታች ጥርሱን አሸት አሸት አድርጎ ተፋ። የላይኛው ገና ነው።