ክረምትን በእንሶስላ መሞቅ፦ የአንድ ማታና የአንድ ጠዋት ሥራ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሐምሌ ሲገባ ፀሐይን ለቀናት ሳናያት እንሰነብታለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ዝናቡ ብቻውን አይመጣም፤ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድም ይከተለዋል። ያጠቡት ልብስ አይደርቅም፣ ጭቃው ከጫማ አይለቅም፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ ፀጉር ይሻክራል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጥርስን ነክሶ መጠበቅ አይቻልም፤ በመሐል ራስን የሚያስደስት ነገር ያስፈልጋል።

ለእኔ ያ ነገር እንሶስላ ነው፤ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር የሚቀላበት ተክል። እናቶቻችን ሲናገሩ እንሶስላ «ተቀባች» ከሚሉ ይልቅ «ሞቀች» ይላሉ። በዚያ ሁሉ ብርድ መሐል የሚሠራ ውበት በሙቀት ስም መጠራቱ ደስ ይለኛል፤ ደግሞም እውነት ነው፣ ያለ እሳት ዳርና ያለ ሰው አይሞቅም።

ከዚህ በታች የምጽፈው የአንድ ቅዳሜ ማታና የአንድ እሑድ ጠዋት ሥራ ነው። በማግሥቱ እጃችሁን የሚፈልግ ሥራ የሌለበትን ቀን ምረጡ። ቅደም ተከተሉንም አታዛቡ፦ መጀመሪያ እግርና እጅ ይታጠባል፣ ቀጥሎ እንሶስላው ይሞቃል፣ ቅቤ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

ሥሩን መምረጥ

እንሶስላ እርጥበትና ጥላ የሚወድ፣ ወንዝ ዳርና ጫካ ጥግ የሚበቅል ተክል ነው። አበባው ነጭ ሆኖ መሐሉ ወይን ጠጅ ነው፤ ሽታውም ደስ ይላል። በበጋ ግንዱ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ድንች መስሎ ከመሬት በታች ይቆይና ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ለቀለም የሚሆነው ይኸው ሥር ነው።

ገበያ ላይ ስትገዙ በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚለውን ምረጡ። በጥፍር ጫር ሲደረግ እርጥበት ካላወጣ ቆይቷል ማለት ነው፤ የጠወለገ ሥር ቀለሙ ደካማ ይሆናል። ለሁለት እጅና ለሁለት እግር ሁለት እፍኝ ሙሉ ይበቃል። በጓሯችሁ ጥላ ያለበት እርጥብ ቦታ ካለ አንዱን ሥር አትውቀጡት፤ መልሳችሁ ትከሉት። የከርሞውን ከጓሯችሁ ትቆፍራላችሁ።

እግርን ማዘጋጀት

በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ቅዱ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩበት፣ እግራችሁን ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉ። ተረከዛችሁ ሲለሰልስ በእግር ድንጋይ ቀስ አድርጋችሁ ፈግፍጉት። ደም እስኪወጣ የሚፈገፍግ ሰው አይቻለሁ፤ የተሰነጠቀውን የባሰ ይከፍተዋል። የሞተው ቆዳ ብቻ ነው መልቀቅ ያለበት።

ከዚያ አድርቁ። በተለይ በጣቶች መካከል ያለውን በጨርቅ ጫፍ እየገባችሁ አድርቁት። በክረምት ቀኑን ሙሉ በቦቲ ወይም በኮንጎ ጫማ ታፍኖ የዋለ እግር በጣቶቹ መካከል የሚላጠውና የሚያሳክከው ርጥበቱ ስለማይወጣ ነው። ይህ እንሶስላ በማትሞቁበት ቀንም ማታ ማታ ሊደረግ የሚገባ ነገር ነው። ጫማችሁን ደግሞ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት አሳድሩት እንጂ እሳት ዳር አታስጠጉት፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል።

እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ፤ ጥፍራችሁን ቁረጡ። ቅባት የሚባል ነገር አትንኩ። ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስሞቅ፣ እጄ ደርቆብኝ ስለነበር ከመለጠፌ በፊት ቫዝሊን ተቀባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ጠቅልዬው አድሬ ጠዋት ስፈታው መዳፌ እንደ ካርታ ሆኖ ተገኘ፤ እዚህ ቀይ፣ እዚያ ባዶ። ቅባቱ የነካው ቦታ ሁሉ ቀለሙን አልተቀበለም። ለእንቁጣጣሽ ቤት ስገባ እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር የገባሁት። ቅቤ ከሁሉ በኋላ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መውቀጥና መለጠፍ

ሥሩን ከአፈሩ በደንብ እጠቡና ቅርፊቱን ላጡት፤ በትንንሹ ክተፉት፤ በሙቀጫ ውቀጡ። ውኃ አትጨምሩ፤ ሥሩ የራሱ ርጥበት ይበቃዋል። በጣም ከደረቀባችሁ ብቻ ጠብታ ጠብታ አድርጉ። የሚፈለገው ከዘነዘናው ላይ የማይንጠባጠብ፣ ግን እጅ ላይ የሚይዝ ድፍድፍ ነው። አንዴ ከወቀጣችሁ አታሳድሩት፤ ትኩሱን ነው መለጠፍ።

አዲስ የምትሞቁ ከሆነ በቅድሚያ ትንሽ ቆንጥራችሁ የእጃችሁ አንጓ ላይ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡ። ካሳከከ ወይም ካቃጠለ ተዉት፤ የተቆረጠና የቆሰለ ቦታ ላይም አይደረግም።

አለጣጠፉ ከእግር ይጀምራል፤ እጅ ከተያዘ እግርን የሚሠራ የለምና። የውስጥ እግርን፣ ተረከዝን፣ የእግርን ጠርዝ ዙሪያውን፣ ጥፍሮችን ሸፍኑ። ከላይ ሰፊ ቅጠል አድርጉበት (እኛ ቤት የጉሎ ቅጠል ነበር)፤ ቅጠል ካጣችሁ ንጹሕ ላስቲክ ይሆናል። በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ደም እስኪያቆም ግን አታጥብቁት። ለወንዶችም ይህ የእግሩ ክፍል ብቻውን ይበቃል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ አያቴ ከዚህ የተሻለ አታውቅም ነበር፤ «እግር ያጠነክራል» ትል ነበር።

እጅን ሌላ ሰው ይለጥፍላችሁ። መዳፍ መሐሉ፣ ቀጥሎ ጣቶች አንድ በአንድ እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ በመጨረሻ ጥፍሮች። ከዚያ እጅ ጭብጥ ተደርጎ ይጠቀለላል።

አያቴ ስትለጥፍልኝ መዳፌን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ነበር። ድፍድፉ መጀመሪያ እንደ ጉድጓድ ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ጥሬ ሥርና እርጥብ አፈር ይሸታል። ትንሽ ቆይቶ የእጅ ሙቀት ይገባበትና ቅዝቃዜው ይጠፋል። ጣቴን ላፍታታ ስል «ተይ እታለም፣ አትዘርጊው፤ ይሰነጠቅና ይረግፋል» ትለኛለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ ሁለት እጄ ታስሮ፣ ሁለት እግሬ ታስሮ፣ እሳቱ ዳር እንደ ሕፃን እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ ማንም ሥራ አያዘኝም።

ታስሮ መቀመጥ

ዋናው ደስታ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎች ግን ቸኩለው ያልፉታል። እንሶስላ የሞቀ ሰው በራሱ እጅ መብላት አይችልም፤ ይጎረሳል። ስለዚህ ብቻችሁን አትሙቁ። እኅት፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ ጥሩ፤ አንዷ ዛሬ ትሙቅ፣ ሌላዋ ታጉርስ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይለዋወጡ። በሐምሌ የድንች ቅቅል በአዋዜ፣ የገብስ ቆሎ፤ ነሐሴ ጋደል ሲል ደግሞ እሸት በቆሎ። በቆሎው ፍም ላይ ይጠበስና ይፈለፈላል፤ ሦስት አራት ፍሬ እየተደረገ በትኩሱ ወደ አፍ ይላካል። እስከ ነሐሴ 16 ፍልሰታ ስለሆነ ምግቡ በሙሉ የጾም ቢሆን ምንም አይጎድልበትም።

ስለ እሳቱ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የከሰል ማንደጃ የምትጠቀሙ ከሆነ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላችሁ፣ ደህና ፍም ሆኖ ሲቀላ አስገቡት፤ በር ወይም መስኮት ገርበብ ይበል። ፍም ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ሲሰማችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው ከቤት ይውጣ። በክረምት «ይሞቀናል» ብለው ከከሰል ጋር ተኝተው ያልነቁ ሰዎች አሉ።

ለመኝታ ጋቢ ደርቡ። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት፤ በድርቦቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው የሚያሞቀው፤ ለዚህም ነው እርጥበት ያለው ጋቢ የማያሞቀው። ጋቢን በክረምት ማጠብ አልመክርም፤ ለቀናት አይደርቅም፣ ሽታም ይይዛል። ይልቅ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት አናፍሱት፤ ማታ እጣን ወይም የወይራ እንጨት በምታጨሱበት ጊዜ ከጢሱ ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ያዙት። ስትለብሱት አንገታችሁ ላይ የሚቀረው ሽታ ከማንኛውም ሽቶ ይበልጣል።

ጠዋት

ሲነጋ ፍቱት። ድፍድፉ ደርቆ ይሆናል፤ በደረቅ ጨርቅ አራግፉት፣ የቀረውን በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ለቅለቅ አድርጉት። ሳሙና ቢያንስ እስከ ከሰዓት አይንካው። መጀመሪያ የምታዩት ቀለም ፈዘዝ ብሎ ቀላ ያለ ሊሆን ይችላል፤ አትዘኑ፤ እየዋለ ይጠቁራል። ደመቅ ያለ ከፈለጋችሁ በማግሥቱ ማታ ድገሙት።

ለማጥቆር ብላችሁ ግን የፀጉር ቀለም አትቀላቅሉበት። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ነገር ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል አለበት፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ያቆስላል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ዘላቂ አለርጂ ያስቀራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድፍን ጥቁር የሚሆን ነገር ካያችሁ ሥር አይደለም።

አሁን የቅቤው ተራ ነው። ለጋ ቅቤ፣ ያልተነጠረ፣ ቅመም ያልገባበት። በክረምት ሣሩ ለምለም ስለሆነ ለጋው የሚገኝበት ጊዜ ነው። በእኛ ብርድ ቅቤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ እሳት ላይ ግን አታቅልጡት፤ በመዳፋችሁ መካከል አሹት። ቅቤ ከሰውነት ሙቀት በታች ስለሚቀልጥ መዳፍ ይበቃዋል፤ በዚያው መዳፉም፣ ጥፍሩም፣ የእጁ ጀርባም ድርሻውን ያገኛል። የእንሶስላው ቀለም ቅቤ ሲነካው ያበራል፤ እኔ የማልጠግበው ይህንን ሰዓት ነው።

ለፀጉር ደቅቆ የተወቀጠ አደስ በቅቤው ላይ ነስንሱ፤ ለአንድ የቡና ስኒ ቅቤ አንድ የሻይ ማንኪያ አደስ ይበቃል። ፀጉሩን በአራት ከፍላችሁ መጀመሪያ የራስ ቆዳውን፣ ቀጥሎ እስከ ጫፍ ድረስ ቀቡ። ጫፉን አትርሱ፤ የሚበጣጠሰው እሱ ነው። በሻሽ ሸፍናችሁ እስከ ማታ ወይም እስከ ማግሥቱ አቆዩት፤ ከዚያ በሞቀ ውኃና በሻምፖ ሁለት ጊዜ እጠቡት። ቅባት የሚበዛበት የራስ ቆዳ ወይም ፎረፎር ያለው ሰው ሥሩን ትቶ ጫፉን ብቻ ይቀባ።

ሻሹ እንደታሰረ ቡና ይፈላ። የዘጌ ቡና ካገኛችሁ እሰየው፤ ከጣና ዳር፣ ከገዳማቱ ደን ጥላ ሥር የሚለቀም ነው። ስኒው ውስጥ አንዲት የጤና አዳም ቅርንጫፍ ጣል አድርጉ። እንደ ትናንቱ ሌላ ሰው አያጠጣችሁም፤ ስኒውን በቀላው እጃችሁ ራሳችሁ ትይዙታላችሁ።

ለእንቁጣጣሽ መድገም

ቀለሙ ቆዳ ላይ ለሳምንትና ለሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ጥፍር ላይ ያለው ግን ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ አይለቅም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ አንዴ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንዴ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ለጳጉሜ አስቀሩት። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፤ ሰው ሁሉ በዝናቡ የሚጠመቅበት ቀን። ታጥባችሁ፣ ደርቃችሁ፣ በዚያው ማታ ሙቁ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ሊነቅሉ መስክ ሲወርዱ የእጃቸው ቀለም ጠቁሮ ይደርሳል፤ በእርጥቡ ሣር መሐል የቀላ እጅ ከሩቅ ይታያል። ሥሩን ግን ከሳምንት በፊት ግዙና እርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሩት፤ ጳጉሜ ከገባ ገበያው ላይ ሁሉም ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።