ያለ ቀዶ ሕክምና ቆዳን ለማጥበቅ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሠላሳዎቹ መጨረሻና በአርባዎቹ መጀመሪያ የብዙ ሰው ፊት ቀስ በቀስ መለወጥ ይጀምራል። የመንጋጋ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ የአንገት ቆዳ ይላላል፣ ከአፍንጫ ግርጌ ወደ አፍ ዳር የሚወርደው መስመር ይጎላል። ቢላዋ ሳይነካኝ ይህን ማስተካከል እችላለሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ መልሱም በከፊል አዎን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 በዓይን ዙሪያ ለሚታይ መሸብሸብ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያን፣ በ2009 ደግሞ ቅንድብን ለማንሳት የአልትራሳውንድ መሣሪያን ፈቅዷል። ዛሬ እነዚህ ሕክምናዎች በዱባይም፣ በዋሽንግተንም፣ በአዲስ አበባም ይሰጣሉ።

ሥራቸው ሁሉ በሙቀት ነው። በውስጠኛው ቆዳ ያለው፣ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ ጥቂት ከፍ እስኪል ሲሞቅ ይኮማተራል፤ ሰውነትም የተጎዳውን ለመጠገን አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ይኸው ሙቀት ከልኩ ሲያልፍ ያቃጥላል። እንደ እኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ትንሽ ቃጠሎ እንኳ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ከታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫሉ።

ፊት የሚያቀላ ቅባት እየተቀቡ ወደ ሕክምናው መሄድ

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ስለሆነ አስቀድመዋለሁ። በገበያው ውስጥ ስም ያልተጻፈበት፣ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ቅይጥ ቅባት ሞልቷል። «ፊት ያጠራል» ተብሎ ይገዛል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒቶች፣ ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ ሲብስም ሜርኩሪ አለበት። ስቴሮይድ ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፊት በትንሽ ፀሐይ ይቀላል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም። በዚያ ላይ የኮላጅን ምርትን ይቀንሳል። እንግዲህ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊያጠብቀው የሚሄደው የላላ ቆዳ፣ ዕድሜ ያመጣው ሳይሆን የቅባቱ ጉዳት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንዲህ በሳሳ ቆዳ ላይ ለጤነኛ ቆዳ የተለካ ሙቀት ሲያርፍ ቃጠሎው የሚጠበቅ ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው ሐፍረት ነው። ሐኪሙ ሲጠይቅ «ምንም አልቀባም» ማለት የተለመደ ሆኗል። እባክዎ አይደብቁ። ዕቃውን ከነቅባቱ በቦርሳዎ ይዘው ይሂዱና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። በራስዎ ውሳኔ በአንድ ቀንም አያቋርጡት፤ ለወራት ስቴሮይድ የለመደ ፊት ድንገት ሲያቋርጥ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ብጉር ይወርሰዋል። የቆዳ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስለቅቅዎታል፤ ቆዳው እስኪያገግም ደግሞ የማጥበቁ ሕክምና ይቆያል። ይህን ሳይጠይቅ በመጀመሪያው ቀን መሣሪያውን የሚያነሳ ባለሙያ ካጋጠመዎት ተነስተው ይውጡ።

በሌላ ሰው ቆዳ ላይ የታየውን ውጤት ለራስ መመኘት

ሐኪሞች የቆዳ ዓይነትን የሚለዩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረ የፊትዝፓትሪክ መለኪያ የሚባል አለ። ስድስት ደረጃ ሲኖረው፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ይመደባል። ልዩነቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ሌዘርና ብርሃን የሚረጩ መሣሪያዎች ጉልበታቸውን የሚያሳርፉት በብዛት ለቆዳ ቀለም በሚሰጠው በሜላኒን ላይ ነው፤ ሜላኒን በበዛበት ቆዳ ሙቀቱ ላይኛው ሽፋን ላይ ይቀርና ያቃጥላል። ከሌዘሮች መካከል 1064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ለእኛ የተሻለ ነው፤ ሜላኒንን አልፎ ይዘልቃልና። የሬዲዮ ሞገድና አልትራሳውንድ የቆዳ ቀለምን እምብዛም አይለዩም፤ ለጠይም ሰው ይበልጥ የሚመከሩትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ «እንደ እኔ ያለ ቆዳ አክመው ያውቃሉ? ፎቶግራፉን ያሳዩኝ» ብለው ይጠይቁ። ከጆሮ ጀርባ ወይም ከመንጋጋ ሥር በትንሽ ቦታ ተሞክሮ ለጥቂት ሳምንታት እንዲታይ መጠየቅም መብትዎ ነው። በቁስል ወይም በጆሮ መበሳት ምክንያት ያበጠ ጠባሳ ወጥቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ በተለይ ቆዳን የሚበሳ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ይናገሩ።

የማይድነውን በዚህ ለማዳን መሞከር

መስታወት ፊት ቆመው ጉንጭዎን በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱ። በትንሽ ንክኪ ፊትዎ ከተስተካከለ መላላቱ ገና ጅምር ነው፤ ሕክምናው ሊረዳዎት ይችላል። ብዙ ቆዳ መሳብ ካስፈለገ ግን፣ ለምሳሌ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው አንገት ላይ፣ መሣሪያው የሚያመጣው ለውጥ ወጪውን አይመጥንም። ማድያት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሙቀት ሊያባብሰው ይችላል። ፊታቸው የከሳ ሰዎችም ይጠንቀቁ፦ ሙቀቱ ከልክ በላይ ወደ ጥልቁ ሲገባ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ያሟሟዋል፣ ጉንጭም ይበልጥ ይጎደጉዳል።

ስለ መሣሪያው ጠይቆ ስለሚይዘው እጅ አለመጠየቅ

ማስታወቂያው ሁልጊዜ የመሣሪያውን ስም ያጎላል። ጉዳቱና ጥቅሙ ግን የሚወሰነው በሚይዘው ሰው ነው። ጥሩ ባለሙያ ፊትዎን በደንብ አጥቦ ጄል ይቀባል፤ መንጋጋ አጠገብ ነርቭ የሚያልፍበትን ስፍራ ይለያል፤ እጁን አንድ ቦታ ላይ አያቆይም፤ በየመሐሉ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ይልዎታል። ሕመምዎ መረጃው ነው። ለዚህም ምንም እስከማይሰማዎት ድረስ የሚያደነዝዝ ቅባት መላ ፊትዎ ላይ አብዝቶ የሚቀባ ሰው አያስተማምንም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ይኸው የአሜሪካ ባለሥልጣን መርፌንና የሬዲዮ ሞገድን አጣምረው ስለሚሠሩ መሣሪያዎች አስጠንቅቋል፤ ቃጠሎ፣ ጠባሳ፣ የስብ መሟሟት፣ የፊት መበላሸትና የነርቭ ጉዳት ሪፖርት ተደርጓልና። ይህ የሕክምና ሥራ እንጂ የፀጉር ቤት አገልግሎት አይደለም። መርፌው ያለበት ጫፍ ለእርስዎ ብቻ ከአዲስ እሽግ ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ።

ለሠርግ ሳምንት ሲቀረው መጀመር

አዲስ ኮላጅን ጊዜ ይፈልጋል። ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። በጥር ለሚደረግ ሠርግ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መድገም ሙቀትን በሙቀት ላይ መደራረብ ነው።

የጤና ታሪክን ማሳጠር

እርግዝና፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ በሚታከመው አካባቢ የተቀመጠ ብረት፣ ለብጉር የሚዋጥ አይሶትሬቲኖይን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፦ ሁሉንም ይንገሩ። በተለምዶ «ምች መታኝ» የሚባለው የከንፈር ቁስል የሚመላለስብዎት ከሆነም ይንገሩ። ሙቀቱ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ መድኃኒት ሊያዝልዎት ይችላል።

ፀሐይን መርሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ አልትራ ቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐይዋ ትጎዳለች። ኮላጅንን የሚያፈርሰውም፣ ከሕክምና በኋላ ፊትን የሚያጠቁረውም እርሷ ናት። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ የመከላከያ መጠን (SPF) ቢያንስ 30 ይሁን፤ ማድያት ላለበት ሰው አይረን ኦክሳይድ የተባለ ቀለም ሰጪ ማዕድን ያለው ባለ ቀለም ቅባት ይመረጣል። ጥላና ባርኔጣም አይናቁ።

ከሕክምናው በኋላ ለሰዓታት ወይም ለአንድ ሁለት ቀን መቅላትና ቀለል ያለ እብጠት የሚጠበቅ ነው። ውኃ የቋጠረ ፊኛ፣ ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ ቆዳ፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ የአፍ መጣመም ካዩ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። እስኪደርሱ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያፍስሱበት፤ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቤት ያለ ሌላ ቅባት አይቀቡበት።