ጸጥ ያለ የጥያቄና መልስ ግሩፕ በበጎ ፈቃድ አድሚኖች እንዴት ይያዛል?

በቀን ሁለት ሦስት ጥያቄ ብቻ የሚቀርብበት የቴሌግራም ግሩፕ አያያዙ ከትልልቆቹ ይለያል። ትልቅ ግሩፕ ላይ አድሚን ቀኑን ሙሉ ሲያጠፋና ሲያግድ ይውላል። ትንሹን ግሩፕ የሚገድለው ግን ስፓም ሳይሆን መልስ ያጣ ጥያቄ ነው፤ ጠይቆ ዝም የተባለ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፣ ያንን ያየ ሌላ አባልም ጥያቄውን ይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል። ምሳሌዎቹን ከስልክና ኮምፒውተር ጥገና ወስደናል፤ ለግብርናም ለትምህርትም ግሩፕ አሠራሩ ያው ነው።

1. ባለቤትነቱን አስተማማኝ አድርጉ

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኼ ነው። ግሩፑን የፈጠረው ሰው አካውንቱ ቢሰረቅ፣ የቀሩት አድሚኖች እጃቸው ላይ ያለው እሱ የሰጣቸው ሥልጣን ብቻ ነው። ባለቤትነት ለሌላ ለማስተላለፍ የባለቤቱ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቀው ተጨማሪ የይለፍ ቃል) ከተከፈተ 7 ቀን፣ በሚያስተላልፍበት ስልክ ወደ አካውንቱ ከገባ ደግሞ 24 ሰዓት ያለፈው መሆን አለበት። ስለዚህ "ልለቅ ነው" በተባለ ማግስት ሳይሆን ዛሬውኑ ይከፈት።

2. ሦስት አድሚን ይበቃል

ሁለት ሲሆኑ ባልተስማሙ ቁጥር ፈራጅ ይጠፋል፤ ሰባት ሲሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ "ሌላው ያየዋል" እያለ ይተወዋል። የጥያቄና መልስ ድረ ገጾችን የሚያስተዳድረው ስታክ ኤክስቼንጅም ለአዳዲስ ገጾቹ ብዙ ጊዜ የሚሾመው ሦስት ጊዜያዊ አስተዳዳሪ ነው። አድሚን ልሁን ብሎ የጠየቀውን ሳይሆን ሳይጠየቅ በትዕግሥት የሚመልሰውን ምረጡ።

ተራው በሳምንት ይያዝ። ተረኛው ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ቢገባ በቂው ነው። ዋሺንግተን የሚኖር አድሚን ካላችሁ ደግሞ የ7 ወይም የ8 ሰዓቱ ልዩነት ጥሩ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ተኝቶ ሳለ የሚገባውን ስፓም እሱ ይጠርገዋል። የተራ ሰዓት ስትጽፉ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ፣ አለዚያ "2 ሰዓት" ለአንዱ ጠዋት ለሌላው ከሰዓት ይሆናል።

ለእያንዳንዱ መልእክት ማጥፋት፣ ማገድና ፒን ማድረግን ስጡ፤ አዲስ አድሚን የመጨመር ሥልጣን ከባለቤቱ እጅ አይውጣ። ለወር የጠፋ አድሚን ካለ አመስግናችሁ ሥልጣኑን አንሱ። በይሉኝታ የተተወ አካውንት በተሰረቀ ቀን አባላቱን አንድ በአንድ ሊያባርር ይችላል።

3. ሴቲንጉን አስተካክሉ

አዲስ አባል የድሮውን ውይይት ማየት እንዲችል ቻት ሂስትሪን ቪዚብል አድርጉ። ይህ ተደብቆ ከሆነ የተከማቸው መልስ ሁሉ ለአዲስ ሰው የለም ማለት ነው። ስቲከርና ጂአይኤፍ ይዘጋ፤ ፎቶ ግን ክፍት ይሁን፣ የጥገና ጥያቄ ያለ ስክሪን ፎቶ ግማሽ ነው። ስሎው ሞድን አትንኩት። አንድ መልእክት የላከ አባል ሌላ እንዳይልክ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ይቆልፈዋል፤ ጸጥ ባለ ግሩፕ የሚጎዳው ጥያቄውን በሦስት አጫጭር መልእክት ቆራርጦ የሚልከውን ምስኪን ነው።

4. መልስ ያጡትን አሳድዱ

አብዛኛው ድካም እዚህ ላይ ይዋል። 24 ሰዓት ካለፈው ጥያቄ ሥር ተረኛው #ያልተመለሰ ብሎ ሪፕላይ ያድርግ። መልስ ሲገኝ ያቺን ሪፕላይ ያጥፋት። እንዲህ ከሆነ ሃሽታጉን ሲነኩት የሚወጣው ዝርዝር ሁልጊዜ የቀረውን ዕዳ ብቻ ያሳያል።

ብዙዎቹ ጥያቄዎች መልስ የሚያጡት መላሽ ጠፍቶ ሳይሆን ጥያቄው ግልጽ ስላልሆነ ነው። "ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ፣ እርዱኝ" ለሚል ሰው "በደንብ ጻፍ እንጂ!" ማለት በሩን መዝጋት ነው። ይህን ጻፉለት፦

"ሰላም። ሲያበሩት መብራቱ ይበራል ወይስ ጭራሹን ድምፅ የለውም? ሞዴሉን ይንገሩን፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ካለም ፎቶ አንስተው ይላኩልን።"

ሰውየው ሦስቱን ከመለሰ ችግሩ ከኃይል ነው ወይስ ከሲስተም የሚለው ግማሹ ተለይቷል፣ የሚያውቅ አባልም ይገባበታል። የሚያውቀውን ሰው በስሙ ጠርታችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ነገር ግን ያንኑ ሰው በሳምንት ከአንዴ በላይ አትጥሩ፤ ይሰለቻል፣ ከዚያ የግሩፑን ማሳወቂያ ድምፅ ዘግቶ (ሚዩት አድርጎ) ይረሳዋል። አድሚኑ ራሱ በግምት አይመልስ፤ የአድሚን ግምት እንደ ውሳኔ ነው የሚነበበው።

5. የተደጋገመ ጥያቄ

"ተጠይቋል፣ ፈልግ" አትበሉ፤ የድሮውን መልስ ሊንክ አምጥታችሁ ስጡ። ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ቀላል አይደለም፦ አንዱ "ድምፅ" ሲል ሌላው "ድምጽ"፣ አንዱ "ኃይል" ሲል ሌላው "ሀይል" ብሎ ይጽፋል፣ ፍለጋው ደግሞ አንድ አድርጎ አያያቸውም። ቢያንስ ሁለቱን አጻጻፍ፣ ከዚያ የላቲን ፊደሉንም ሞክሩ። ሦስት ጊዜ የተነሳ ጥያቄ ካለ ምርጡን መልስ ፒን አድርጉት።

6. ማጥፋትና ማገድ

ስፓም ከሆነ አትከራከሩ፤ ስታጠፉት በሚመጣው ሳጥን ላይ ላኪውን ባን አድርጉ፣ የላከውንም ሁሉ አብራችሁ አጥፉ። የተሳደበ አባል ሌላ ነው፦ መልእክቱ ይጥፋ፣ ለ1 ቀን እንዳይጽፍ ይደረግ፣ ከደገመ ለ1 ሳምንት። ምክንያቱ በአንድ መስመር ይነገረው።

የተሳሳተ መልስ አይጠፋም፣ ሥሩ ይታረማል፤ ሌላውም ከእርማቱ ይማራል። ሰው የሚጎዳ ምክር ግን ደቂቃ አይቆይ። ያበጠ የስልክ ባትሪ በመርፌ ቢበሳ እሳት ሊነሳ ይችላል፤ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ አደገኛ ቻርጅ ሊቆይ ይችላል። "ብሳው"፣ "ክፈተውና ንካው" የሚል መልስ ወዲያው ይጥፋ፣ ለምን እንደጠፋም ይጻፍ።

የቴሌግራም ሪሰንት አክሽንስ (አድሚኖች የሠሩት የሚመዘገብበት ዝርዝር) የሚያሳየው ያለፉትን 48 ሰዓታት ብቻ ነው። "ለምን አገዳችሁኝ?" የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ በአድሚኖች የግል ቻት ውስጥ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደታገደ አንድ መስመር ይያዝ።

የአድሚን ስምና ፎቶ ቀድቶ ጠያቂውን በውስጥ መስመር እያናገረ "ይህን ያህል በቴሌብር ላክ፣ እሠራልሃለሁ" የሚል አጭበርባሪም አይጠፋም። "አድሚን ቀድሞ በውስጥ አይጽፍም፣ ገንዘብም አይጠይቅም" የሚል መልእክት ፒን ይሁን፤ እውነተኞቹም ይህን አይጣሱ፣ አንዴ ከጣሱት አባሉ የቱን እንደሚያምን አያውቅም።