ከጅማ ወደ ጊቤ በረሃ ልጆች ይዛችሁ ለምትወርዱ

ጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክን በደርሶ መልስ ለማየት ካሰባችሁ ከስንቁ በፊት የልብሱን ቀለም ተመልከቱ። ጥቁርና ሰማያዊ እቤት ይቅር። ነክሶ ደም የሚመጠው የቆላ ዝንብ፣ ማለትም ፄፄ፣ በሁለቱ ቀለሞች ይሳባል፤ ለማጥመጃው የሚሰቀለው ጨርቅም ሰማያዊና ጥቁር የሚሆነው ለዚሁ ነው። ቡኒ ወይም አቧራማ ቀለም ያለው፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ይሻላል። ዝንቡ የሚሄድ መኪናም ስለሚከተል መስኮት ዝጉ፤ ልጆቹ ቢነጫነጩም።

የጅማ ማለዳ ሹራብ ስለሚያስለብስ ሰው ይሸወዳል፤ ከሶኮሩ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ ሌላ ነው። ውኃ በጀሪካን ያዙ። ወጥ ቶሎ ስለሚበላሽ ቆሎ፣ ዳቦና ብርቱካን ይበቃል። ወንዙ ውስጥ ጉማሬና አዞ ስላለ ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ወደ ዳሩ አትጠጉ።