የግፊት ውሃ ጣት ከነካ

የወተት ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ጽዳት ኃላፊ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው። የግፊት ማጠቢያው ውሃ ጣት ሲመታ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ብቻ ሊተው ይችላል። ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ሊሆን ይችላል። «ምንም አይደል» ብሎ በፕላስተር አሽጎ ሥራ መቀጠል የለም! ውሃው ከነኬሚካሉ ከነቆሻሻው ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ሐኪሙን «በግፊት ውሃ ተመትቻለሁ» በሉት፤ የኬሚካሉን ጀሪካን ጽሑፍም ፎቶ አንስታችሁ አሳዩት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከዘገያችሁ ጣት እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ቆዳ ለመብሳት 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃል። የኛ ማሽን ከ1,500 በላይ ነው። ስለዚህ ኖዝል (ውሃው የሚወጣበትን ጫፍ) ስትቀይሩ ሞተሩን አጥፉ፣ ውሃውን ዝጉ፣ ከዚያ የመርጫውን ምላጭ (ውሃ የሚለቀውን መጫኛ) ተጭናችሁ በውሃ ጎማው ውስጥ የቀረውን ግፊት አስወጡ። ይቺን የመጨረሻዋን ነው ሁሉም የሚዘላት። ምላጩን በሽቦ ማሰርማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ጎማው ከእጅ ካመለጠ የሚያቆመው የለም።

ማጓጓዣ ቀበቶ ከመታጠቡ በፊት ኃይሉ ተቋርጦ ይቆለፍ፤ ቁልፉ አጣቢው ኪስ ውስጥ ይሁን። ክሎሪንና አሲድ አይቀላቀሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ቦቲና የፊት መከለያ ደግሞ ሙቀቱ ቢያስጠላም አይወልቁም።