ከቄራ ደም እስከ ደም ሥር፦ የደም ምትክ ለመሥራት ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት፤ የጅቡቲው ከባድ መኪና በእሷ ያልፋል፣ አደጋውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ ያለ የሕክምና ወይም የኬሚስትሪ ተማሪ የደም ምትክ ልሥራ ብሎ ቢነሳ አይገርምም። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ የበሬ ደም ከቄራ ወስዶ፣ ሄሞግሎቢኑን (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን) ለይቶ ለታማሚው መስጠት። የደም ዓይነት ማመሳሰል ቀረ፣ ማቀዝቀዣም ቀረ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

«ካጠራሁት ይበቃል» ማለት። ከቄራ ወለል የታፈሰ ደም ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ ኢንዶቶክሲን የሚባለው መርዙ ይቀራል፤ ማፍላት አያጠፋውም። ደሙ ከመነሻው በንጽሕና መቀዳት አለበት። ያም ሆኖ ንጹሑ ሄሞግሎቢን ራሱ ከቀይ የደም ሴል ሲወጣ አራት ክፍል የነበረው ሁለት ሁለት ሆኖ ይከፈላል፤ ትንንሾቹ ክፍሎች በኩላሊት ሲያልፉ ይጎዱታል። ስለዚህ ክፍሎቹን እንዳይለያዩ በኬሚካል ማያያዝ ግድ ነው።

«ኩላሊቱ ከዳነ ጨረስን» ማለት። ትልልቅ ኩባንያዎችን የጣለው ይህ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫል፤ ሥሩ ላላ ብሎ የሚቆየው በእሱ ነው። ሴል ውስጥ ያለ ሄሞግሎቢን በሽፋኑ ስለታጠረ ይህን ጋዝ ቶሎ አያገኘውም፤ ነጻ የወጣው ግን እየለቀመ ያጠፋዋል። ሥሩ ይጠብባል፣ የደም ግፊት ይወጣል። ደም በሚፈሰው ሰው ላይ የግፊት መውጣት መሻል ይመስላል፤ ማታለያው እዚህ ላይ ነው። ሥሩ ስለጠበበ ቁጥሩ ያምራል፣ አካሉ ግን ኦክስጅን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ባክስተር የተባለው ኩባንያ ሄምአሲስት የተባለውን የደም ምትክ ምርቱን በአሜሪካ በከባድ አደጋ በተጎዱ ሰዎች ላይ ሲሞክር ምርቱን ከወሰዱት 52 ሰዎች 24ቱ፣ ሳላይን (የጨው ውሃ ጉሉኮስ መሰል ፈሳሽ ሳይሆን ተራ የጨው ውሃ) ከወሰዱት 46 ደግሞ 8ቱ ሞቱ፤ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1998 ተቋረጠ። ሞለኪውሉን እርስ በርስ አያይዞ ማተለቅ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም። በእኔ እምነት ይበልጥ ተስፋ ያለው መንገድ የጃፓን ተመራማሪዎች የሄዱበት ነው፤ ሄሞግሎቢኑን በስብ ከረጢት ሸፍኖ ወደ ሴል መሰል ቤት መመለስ።

የየምርቱን ትንሽ ሙከራ ብቻ አይቶ መፍረድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአምስት ምርቶች 16 ሙከራዎች፣ 3,711 ታማሚዎች አንድ ላይ ሲደመሩ ምርቱን የወሰዱት በድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት (ሃርት አታክ) የመያዝ ዕድላቸው 2.7 እጥፍ፣ የመሞት ዕድላቸውም 30 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሌላ በኩል ደቡብ አፍሪካ ከበሬ ደም የሚሠራውን ሄሞፒዩር እ.ኤ.አ. በ2001 ፈቅዳለች፤ ደም ጨርሶ ለማያገኝ ሰው ሚዛኑ ይለያል። ስለዚህ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለው ጥያቄ በጥናት ዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።

«ደምን ሙሉ በሙሉ ይተካል» የሚለውን በአጭሩ፦ አይተካም። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳ የደም ክፍል) የለውም፣ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችም የሉትም፤ ሰውነት ውስጥ የሚቆየውም አንድ ቀን ገደማ ነው። ፕላዝማውን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ስለሚያቀላው በቀለም የሚነበቡ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ይዛባሉ። ስለዚህ ናሙናው ምርቱ ከመሰጠቱ በፊት ይቀዳ፤ በኋላ የሚላከው ናሙና ላይም ምርቱ መሰጠቱ ተጽፎ ይሂድ።